ከዙላ ጠረፍ እስከ መቅደላ አምባ፤ ስለ አንድ የዘመቻ መንገድና ስለ ቤተ መዘክሮቹ የቀረበ ሐተታ

በፈረንሳይ አገር፥ በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ፥ አሮማንሽ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓመት በጁን ወር እንግሊዞችና ጓደኞቻቸው ፈረንሳይን ከጀርመን እጅ ለማስለቀቅ ከባሕር በወጡ ጊዜ፥ በዚች ከተማ ፊት ለፊት ከሲሚንቶ የተሠሩ ታላላቅ ሣጥኖች በመርከብ እያስጎተቱ አምጥተው ባሕሩ ውስጥ በማስቀመጥ ሰው ሠራሽ ወደብ አቆሙ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1954 በዚያው ጠረፍ ላይ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ጎብኚው ወደ ባሕሩ ሲመለከት የወደቡን ስብርባሪ በማዕበሉ መካከል ያያል፤ ፊቱን ወደ ውስጥ ሲመልስ ደግሞ ያው ወደብ እንዴት እንደ ተሠራ የሚያስረዳውን አነስተኛ ቅርጽ በጠረጴዛ ላይ ያገኛል። ቦታው፥ ዕቃውና መግለጫው በአንድ ጊዜ ለዓይን ይቀርባሉ። በዚያ ጦርነት ቤቱ ስለ ፈረሰበትና ዘመዱ ስለ ሞተበት ስለ አገሩ ሰው ግን የአሮማንሽ ቤተ መዘክር ብዙ አይናገርም፤ ስለ ሕዝቡ ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በ1988 ወደ ተከፈተው ወደ ካን ከተማ መታሰቢያ መሄድ ይኖርበታል።

ይህን ምሳሌ ማምጣቴ ኖርማንዲን ለማወደስ አይደለም። በኛም ታሪክ ውስጥ የጦር ሠራዊት የወረደበት የታወቀ ጠረፍ አለ። ነገር ግን የዚያ ጠረፍ ቤተ መዘክሮች በጠረፉ አጠገብ አይደሉም፤ ውጊያው በተደረገበትም ስፍራ አይደሉም፤ ሎንዶን ናቸው። በትምህርት ምክንያት በዚያ በቈየሁበት ዘመን እየተመላለስሁ ለማየት ዕድል ስላጋጠመኝ፥ ከዚያም በኋላ የሠራዊቱን መንገድ በላስታና በዋድላ በኩል በከፊል በእግሬ ስለ ተከተልሁት፥ ሁለቱን አስተያይቼ የምታዘበውን በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ።

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ከቦምቤይ የተላከው የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል ከምጽዋ በስተ ደቡብ፥ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ በሚገኘው በዙላ ጠረፍ ወረደ። የጦሩ አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየር በታኅሣሥ ወር ተከተለ። የሠራዊቱ ቍጥር 13,000 ገደማ ሲሆን፥ ከእንግሊዞቹ ይልቅ የሕንድ ወታደሮች ይበዙ ነበር፤ አገልጋዩና ጭነኛው ሲጨመር ቍጥሩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ መጡ። ውሃ በሌለበት አሸዋ ላይ መርከቦች የባሕሩን ውሃ እያፈሉ በእንፋሎቱ የሚጠጣ ውሃ ያወጡ ነበር። ወደ ባሕሩ የሚዘልቁ መውረጃዎች ተሠሩ፤ ከጠረፉም እስከ ተራራው ግርጌ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። በአገራችን ዙሪያ ከተዘረጉት ሐዲዶች ሁሉ ይህ ቀዳሚው መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ የጅቡቲው ሐዲድ ከመጀመሩ 30 ዓመት ያህል ቀድሞ የተሠራ ነውና። ዘመቻው በጠቅላላው ዘጠኝ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ።

ዙላን በዓይኔ አላየሁትም። የማውቀው የእንግሊዝ መሐንዲሶች ጦር ባነሣቸው ፎቶግራፎች ነው። እነዚህ ፎቶግራፎች በአፍሪካ ምድር የጦርነትን ሥራ ከመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ስለሚቈጠሩ ለኛ ጥናት እጅግ የተከበሩ ማስረጃዎች ናቸው። ሆኖም ፎቶግራፍ አንሺው መርከቡን፥ ድንኳኑን፥ ተራራውንና መኰንኑን አጥብቆ ይመለከታል እንጂ፥ የጠረፉ ሕዝብ በሥዕሉ ውስጥ የሚገባው እንደ አጋጣሚ ነው። በዚያው ጊዜ ካፒቴን ጉድፌሎ የተባለ የሠራዊቱ መሐንዲስ ከሰፈሩ አጠገብ ያለውን የአዱሊስን ፍርስራሽ ቈፍሮ፥ የጥንት ቤተ ክርስቲያን እብነ በረድ ስብርባሪ አውጥቶ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ላከ። እንግዲህ ወደ ሎንዶን ከተጓዘው ዕቃ ከፊሉ የተነሣው ከመቅደላ ሳይሆን ከባሕሩ ዳር ነው። የመጨረሻው መንገደኛም በዚያው ጠረፍ ወጣ፤ በሰኔ ወር መጀመሪያ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከናፒየር ጋር በመርከብ ተሳፈረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በመንገድ ላይ ዐርፈው በጨለቆት ተቀብረው ነበር።

በእነዚህ በሁለቱ ጕዞዎች መካከል ያለው መንገድ ነው የዚህ ሐተታ ዋና ነገር። ሠራዊቱ በሰንዓፌ፥ በአዲግራትና በእንጣሎ በኩል አልፎ ከአሸንጌ ሐይቅ ወደ ላስታ ደጋ ገባ። ከገነተ ማርያም ብዙ ሳይርቅ በስተ ምሥራቅ ያለውን ከፍተኛ አገር አቋረጠ፤ የተከዜን ራስጌ ሸለቆ ተሻግሮም ወደ ዋድላ ወጣ። የዚህ መንገድ ታሪክ በአብዛኛው የሥንቅ ታሪክ ነው። ገብሱን፥ ሣሩንና ማሩን ያቀረበው የአገሩ ገበሬ ሲሆን፥ ዋጋውን የተቀበለው በማርያ ቴሬዛ ብር ነው። የ1780 ዓመት ምልክት ያለበት፥ ጌጡ በጕልህ የሚታይ ካልሆነ በቀር ሌላውን ብር አልቀበልም ማለቱን የዘመቻው ጸሓፊዎች እየተገረሙ ጽፈዋል፤ የሚያስገርም ነገር ግን የለበትም፤ የሚያውቀውን ገንዘብ መርምሮ የሚቀበል ሕዝብ ገበያ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ ደግሞ በመመለሻው በላሊበላ አልፎ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ጽፏል። እንግዲህ በ1860 ዓ.ም. ላስታ የሠራዊት መተላለፊያ ብቻ ሳትሆን፥ የምትሸጥ፥ የምትመለከት፥ የምትታይም አገር ነበረች።

ውጊያው የተደረገው በስቅለት ዕለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን፥ ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ ነው። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጐርሰውን የስናይደር ጠመንጃ ይዘው ስለ ነበር፥ ከዐፄ ቴዎድሮስ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዞቹ የቈሰሉት ሃያ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱ። በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ አምባው ሲያዝ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አምባው ተዘረፈ፥ ተቃጠለ። ዝርፊያውን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸክመው ወደ ደላንታ ሜዳ አመጡት፤ በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ አራት ብር ያህል ደረሰው። ከገዢዎቹ ሁሉ ብዙ የገዛው ከብሪቲሽ ሙዚየም ለዚሁ ተብሎ የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበረ። የወርቁን አክሊልና የወርቁን ጽዋ አምባው በተያዘበት ዕለት ከአንድ ወታደር እጅ በአራት ፓውንድ ገዝቷቸው ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት የተገኘውን «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለውን የጌታችንን ሥዕል ግን ለላከው ቤተ መዘክር አላስረከበም፤ ለራሱ አስቀረው። የደላንታን ሜዳ የሚያቋርጥ መንገደኛ ዛሬ የሚያየው የገብስ ማሳ ብቻ ነው፤ እዚህ ሐራጅ ተደርጎ እንደ ነበር የሚያመለክት ነገር አላየሁም።

ከዚህ ሜዳ ላይ ሆነን ወደ ሎንዶን እንመልከት። የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ዘመቻው 150 ዓመት ሲሞላው በ2010 ዓ.ም. «መቅደላ 1868» የሚል ትርኢት ከፍቶ ነበር። ሃያ ያህል ዕቃዎች ቀረቡ፤ አክሊሉ፥ ጽዋው፥ መስቀሎች፥ የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና ጌጣጌጥ፥ የዘመቻው ፎቶግራፎችም ነበሩበት። አዘጋጆቹ ዝርፊያን ዝርፊያ ብለው ለመጥራት አላፈሩም፤ በሎንዶን ያሉ ኢትዮጵያውያንንም አማክረዋል። ይህ ሊመሰገን ይገባል፤ የቀድሞዎቹ መግለጫዎች እንዲህ ያለ ድፍረት አልነበራቸውምና። ነቀፌታዬ በርእሱ ላይ ነው። አንድ ስፍራና አንድ ዓመት የሚጠራ ርእስ ዕቃዎቹ በዚያ ስፍራና በዚያ ዓመት የተወለዱ ያስመስላቸዋል። አክሊሉና ጽዋው የመቅደላ አይደሉም፤ የጎንደር ናቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ በጎንደር አጠገብ ላሠሩት ለደብረ ፀሐይ ቍስቋም የተሰጡ ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ ስለ ጽዋውማ በራሱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ይመሰክራል። የቤተ መዘክሩ ዝርዝር መግለጫ ይህን አይክድም። ነገር ግን ጎብኚው ከበሩ ላይ ያነበበውን ርእስ ይዞ ይወጣል፤ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ከመስተዋቱ አጠገብ ይቀራል።

የቍስቋም ጽዋ እንዴት ወደ መቅደላ ሄደ? እዚህ ላይ በደሉ የእንግሊዞች ብቻ መሆኑ ይቀርና የኛም ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋል፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳትም ወስደዋል። መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ግምጃ ቤትና የመጻሕፍት ማኅደር ለማቋቋም አስበው እንደ ነበር ይታወቃል፤ ይህ ግን ቍስቋምን ባዶ ከመቅረት አላዳናትም። እንግዲህ አንዱ ጽዋ ሁለት ጊዜ ተወስዷል። የሎንዶኑ ትርኢት ሁለተኛውን መውሰድ ርእስ አደረገ፤ ስለ መመለሱ በአዲስ አበባ የሚጻፈው ጽሑፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጀመሪያው ዝም ይላል። የመጀመሪያውን መናገር የሁለተኛውን በደል የሚያቀልለው አይመስለኝም። ይልቁንም ጥያቄውን ያጠራዋል፤ ዕቃው ሲመለስ የሚመለሰው ወዴት ነው፥ ወደ አዲስ አበባ ነው፥ ወደ መቅደላ ነው፥ ወይስ ወደ ቍስቋም?

ስለዚህ ጉዳይ ከመስተዋት ሣጥኑ ይልቅ የመጻሕፍቱ ዝርዝር የተሻለ ሥራ ሠርቷል። ከመቅደላ ወደ ሎንዶን የሄዱት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ሌሎቹን ሠራዊቱ በመመለሻው በጨለቆት ለነበሩ ካህናት ሰጥቷል። የሎንዶኖቹን ዊልያም ራይት መርምረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1877 ዝርዝራቸውን አሳተሙ። ራይት የመጽሐፉን ርእስ ብቻ ጽፈው አላለፉም፤ በኅዳጉና በባዶው ገጽ የሚገኘውን፥ ማን እንዳጻፈው፥ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ተሰጠ፥ ምን መሬትና ምን ዕቃ እንደ ተመዘገበበት የሚናገረውን ማስታወሻ እየለቀሙ አስፍረዋል። አንባቢዎቼ እንደሚያውቁት በኛ ቤተ ክርስቲያን የዕቃ መግለጫ ማለት ይህ ነው። ዕቃ ቤቱ የሚያምነው መዝገብ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈው ነው፤ ሰጪው፥ ተቀባዩ ደብር፥ በዘመኑ የነበሩት ሹማምንት ተጠርተው፥ የሚሰርቀውም የሚፍቀውም በውግዘት ይታሰራል። በገነተ ማርያም ደግሞ ግድግዳው ራሱ መዝገብ ሆኗል፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል ከነስማቸው በአለቱ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለው መግለጫ ዕቃውን ከሰውና ከቦታ ጋር ያስተሳስረዋል እንጂ፥ ዕቃው ያማረ መሆኑን ለመናገር አይደክምም። የሎንዶን ቤተ መዘክሮች «ወርቅ፥ 18ኛው መቶ ዘመን፥ ኢትዮጵያ» ብለው በሚጽፉበት ስፍራ የራይትን አንድ መሥመር ቢያኖሩ ጎብኚው ብዙ በተማረ ነበር።

ሊታይ የማይችለው ትርኢት ደግሞ አለ። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የሄዱ ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም፤ ተመራማሪም ሆነ የቤተ መዘክሩ ሹም አያያቸውም፤ ወደተቀመጡበት ክፍል መግባት የሚፈቀደው ለኦርቶዶክስ ካህናት ብቻ ነው። ይህ ለክብራቸው ተብሎ የተደረገ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን ቤተ መዘክር የሚያሳይ፥ የሚያስተምርና የሚመረምር ቤት ከሆነ፥ ሊያሳየው፥ ሊያስተምርበትና ሊመረምረው የማይችለውን ነገር በምን ምክንያት እንደሚያኖር ማስረዳት ያዳግተዋል። በኤዲንብራ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን በ1994 ዓ.ም. በእጁ የተገኘውን ታቦት ያለ ብዙ ክርክር መልሷል። ከዚያ በፊትም መመለስ ያልተለመደ አልነበረም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ሲጠይቁ ከክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ተሰጥቷል፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. እንግሊዝን ሲጎበኙ ከቴዎድሮስ አክሊሎች አንዱ፥ በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የንጉሠ ነገሥቱ ቆብና ማኅተም፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠጕራቸው ተመልሷል። በ2010 የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ኃላፊ ያቀረቡት አሳብ ግን ለረዥም ጊዜ ማዋስ ነበር። ቃሉ ያለ ቦታው የገባ ነው። በኛ አገር ውሰት የሚባለው ባለቤቱ ለጎረቤቱ የሚሰጠው ነው፤ የተወሰደበትን ሰው ተዋሽ ማለት ግን ወሳጁን ባለቤት ማድረግ ነው።

ዕቃው እዚህ ቢመጣ አይጠበቅም የሚለው ክርክር በሎንዶን ሳለሁ ደጋግሞ ገጥሞኛል። ፍሬ የሌለው ክርክር አይደለም፤ በደሴ ያለው ቤተ መዘክር በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል፤ «አፍሮ አይገባ» የተባለው የላሊበላ መስቀልም በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከቤልጅግ አገር ነው የተመለሰው። ቢሆንም የመቅደላን ቅርስ ለሃያና ለሠላሳ ቤቶች የበታተነው የደላንታው ሐራጅ መሆኑን፥ የ«ኵርዓተ ርእሱ» ሥዕል ከሕዝብ ዓይን የተሰወረውም በቤተ መዘክሩ ሹም እጅ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው የጥበቃን ነገር የሚያነሣው በጥንቃቄ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትርኢቶቹም የኛ ጽሑፎችም የዘለሉት ላስታን ይመስለኛል። ታሪኩ ሲነገር ሁለት ሰዎች ብቻ ይቀሩበታል፤ ናፒየርና ቴዎድሮስ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሠራዊት ከጠረፍ እስከ አምባ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ውጊያ እንዴት ሊያልፍ ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ መልስ አያገኝም። መልሱ ያለው በመንገዱ አገር ነው። የላስታና የዋግ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ሠራዊቱ በግዛታቸው እንዲያልፍ አልተቃወሙም። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ገድለውባቸዋልና፥ በላስታ ዓይን የመቅደላው ንጉሥ የአገር ጀግና ከመሆናቸው በፊት ደመኛ ነበሩ። ይህን ክህደት ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ማስረዳት ግን የኢትኖሎጂ ሥራ ነው። ናፒየር ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ የሰጠው ለትግሬው ካሣ እንጂ ለላስታው ጎበዜ አልነበረም። ጎበዜ በነሐሴ 1860 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በሐምሌ 1863 በዐድዋ አጠገብ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ለአንድ አምባ ተብሎ ባሕር የተሻገረው መሣሪያ በዚህ መንገድ የኢትዮጵያን ዘውድ ከላስታ ወደ ትግሬ አዛወረው። ከዘመቻው ውጤቶች ይህ ምናልባት ታላቁ ነው፤ በመስተዋት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ስላልሆነ ግን ቤተ መዘክር አያውቀውም።

በስፍራው የቀረው ጥቂት ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ወድቆ ይገኛል፤ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው። ይህ መድፍ በጋፋት ተሠርቶ፥ በሰው ጕልበት እየተጎተተ በገደልና በሸለቆ ተጓዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር የተነሡት በመስከረም መጨረሻ 1860 ነው፤ እንግሊዞቹ ዙላ ላይ ከመውረዳቸው ሁለት ሳምንት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀድመው። ለመድፉ ማለፊያ በዋድላ፥ በጅጣ ገደል፥ በደላንታና በበሽሎ መንገድ እያስፈለጡ፥ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፥ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። በጠረፉ ሐዲድ የዘረጋው ሠራዊት ዋድላ ሲደርስ ያገኘው ይህን መንገድ ነው፤ የጅጣንና የበሽሎን ገደል የወረደውም የወጣውም ንጉሠ ነገሥቱ ባሠሩት መንገድ ነው፤ የዘመቻው መሐንዲሶችም ሥራውን አድንቀው ጽፈዋል። የጠላት ዝሆኖች ለሴባስቶፖል በተጠረገው መንገድ አለፉ፤ ዝርፊያውን የተሸከሙትም በዚያው ተመለሱ። በመንገዱ ዳር ግን አንድም የጽሑፍ ምልክት አላየሁም። የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ስለ ጽዋው የሚቀጥለውን መግለጫ ለማሳተም ሲነሣ፥ ለጽዋው ባለቤት ለቍስቋምና ለዚህ መንገድ አገር ለላስታ አንዳንድ መሥመር ይተው ዘንድ፥ የኛ ማኅበርም የጅጣን ቍልቍለት በሰው እየረገፈ ሳያልቅ ለክቶና ሥሎ በካርታ ያኖር ዘንድ እጠይቃለሁ። ሥራው ለአምስት ተማሪዎች የአንድ በጋ ሥራ ነው፤ ክረምት ሳይገባ፥ በሽሎ ሳይሞላ መጀመር ይኖርበታል።